ልጃችሁን አፍተር ስኩል ልታስመዘግቡ ከሆነ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሄዳችሁ እዩት

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ ገላን ምናምን ምትኖሩ ሰዎች ነገሩን ታውቁታላችሁ። ልጅ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ይለቀቃል፣ እናትና አባት መሀል ከተማ ናቸው፣ ቢሮ 11 ሰዓት ተኩል ነው ሚወጣው፣ ከዛ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ከዛ መንገዱ አለ፣ ቤት ሲደረስ 1 ሰዓት ወይ ከዛ በላይ ይሆናል። መሀል ላይ ያለችው ሦስት ሰዓት ተኩል ናት እንግዲህ ራስ ምታቷ። ድሮ ሰፈር ቢሆን አያት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ ልጁ ቦርሳውን ወርውሮ እነ እማማ እገሊት ቤት ይገባል። ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት ወይ ተከራይቶ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ግን ፊት ለፊት ያለውን በር ባለቤት ስም ለማወቅ ራሱ ዓመት ይፈጅበታል። ለዛ ነው በየብሎኩ ሥር "አፍተር ስኩል"፣ "ቱቶሪያል"፣ "የህፃናት ማቆያ" የሚል ባነር የበዛው። ከነዚህ ውስጥ ልጅ በደንብ ሚያዝበትን ከማይያዝበት እንዴት እንደምትለዩ ነው እዚህ ምነግራችሁ።

መጀመሪያ ግን ማያስፈልገውን ላውጣላችሁ። ግድግዳ ላይ የተሳለ የካርቱን ስዕል፣ የሳር ምንጣፍ፣ "በእንግሊዝኛ ብቻ ነው ምናወራቸው" የሚል ወሬ፣ ካሜራ አለን ማለት፣ የተመራቂ ልጆች ፎቶ... እነዚህ ለወላጅ የተሠሩ ነገሮች ናቸው ለልጅ አይደሉም። ካሜራ ጥሩ ነው አልጠላውም፣ ግን ካሜራ ልጅ አይዝም፣ የሆነ ነገር ከሆነ በኋላ ነው ሚያሳየው፣ እሱም መብራት ካለ። ንግድ ፈቃዱም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል ብላችሁ አትረጋጉ፣ ጠጋ ብላችሁ የሥራ ዘርፍ የሚለውን አንብቡት፣ ለልጅ መያዣ ነው የወጣው ወይስ ለሌላ ሥራ? ትክክለኛም ቢሆን ፈቃድ ያለው ሰው ግብር ይከፍላል ማለት እንጂ ሲያለቅስ ያባብላል ማለት አይደለም።

መቼ ትሄዳላችሁ

ብዙ ሰው ሚሄደው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ደግሞ ክፍሉ ተጠርጓል፣ ባለቤቷ ራሷ ናት ምትቀበለው፣ ልጅ የለም። ልጅ የሌለበት ክፍል ምንም አይነግራችሁም። 10 ሰዓት ላይም አትሂዱ፣ ያኔ ገና ከትምህርት ቤት መጥተው መክሰስ በልተው ደስ ብሏቸው ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው መሄድ። በዛ ሰዓት ልጆቹ ደክሟቸዋል፣ ርቧቸዋል፣ ሠራተኞቹም ደክሟቸዋል፣ ከመሀላቸው አንዷ "ልጄ አመመኝ" ብላ ወጥታ ይሆናል፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። የቤቱ እውነተኛ ፀባይ ያኔ ነው ሚታየው። አትደውሉ፣ ዝም ብላችሁ ሂዱና "በዚህ ሳልፍ ልጠይቅ ብዬ ነው" በሉ በቃ።

በሩ ላይ "ማን ነሽ፣ ማንን ፈልገሽ ነው" ብሎ የሚያስቆማችሁ ጥበቃ ካለ አትናደዱበት፣ እንደውም ጎሽ በሉት። ማንንም ዝም ብሎ ሚያስገባ ቦታ ነው ሚያስፈራው። "ዛሬ ማስገባት አንችልም፣ ነገ በዚሁ ሰዓት ነይ" ካሏችሁም ጥሩ ነው። "በዚህ ሰዓት አይቻልም፣ ጠዋት ጠዋት ነው ምናስጎበኘው" ካሉ ግን ምን እንደሚደበቅ እነሱ ያውቃሉ።

ከገባችሁ በኋላ ብዙ አትጠይቁ፣ ጥግ ይዛችሁ ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ። የትልልቆቹን ድምፅ ስሙ፣ ይጮሃሉ? ልጆቹን በስማቸው ነው ሚጠሯቸው ወይስ "አንተ ልጅ" እያሉ? የወደቀ ልጅ ተነስቶ ወደ ማን ነው ሚሮጠው? ይቺ የመጨረሻዋ በጣም ትልቅ ናት። ልጅ አይዋሽም፣ ሚያምነው ሰው ካለ እንባውን ይዞ ወደሱ ነው ሚሄደው፣ ማያምን ከሆነ እዛው ቁጭ ብሎ እጅጌው ላይ ይጠርገዋል።

ሁለት ያየኋቸውን ቦታዎች ላወዳድርላችሁ። አንዱ ያማረ ነው፣ ምድር ቤት ላይ ሰፊ ሱቅ ተከራይተው፣ አዲስ ቀለም፣ ትልቅ ቲቪ። ልጆቹ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረው ካርቱን ያያሉ፣ ሠራተኛዋ በሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ቲክቶክ። አንዱ ትንሽ ልጅ እግሩን እያጣመረ መጥቶ "ሚስ ሽንቴ መጣ" ሲላት ቀና እንኳ ሳትል "ቆይ፣ ይሄ ያልቅና ሁላችሁም ትሄዳላችሁ" አለችው። ሄዶ ተቀመጠ፣ እየተወዛወዘ። ሌላኛው ቦታ ኮሙናል ቤት (የብሎኩ ሰው በጋራ ሚጠቀምበት) ውስጥ ነው፣ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ምንጣፉ ያለቀ። እኔ እያለሁ መብራት ጠፋ። ሴትየዋ የአንዷን ጫማ እያሰረች ነበር፣ እጇን ሳታነሳ "እንቆቅልሽ!" አለች፣ ልጆቹ ባንዴ "ምን አውቅልሽ!" ብለው ጮሁ፣ እሷ ጫማውን አስራ ጨርሳ ተነሳችና መስኮቱ ላይ የነበረውን የቻርጅ መብራት አበራች። አንድም ልጅ አላለቀሰም። የመጀመሪያው በክፍያ ይበልጣል፣ ግን ልጄን ሁለተኛው ጋ ነበር ማስገባው።

ስንት ልጅ በስንት ሰው

"ስንት ሠራተኛ አላችሁ" ስትሏቸው ወጥ ቤት ያለችውንም፣ ጥበቃውንም፣ ባለቤቷንም ይቆጥሩላችኋል። እናንተ ግን ምትፈልጉት በዛች ደቂቃ አይኑ ልጆች ላይ ያለ ትልቅ ሰው ስንት ነው ነው። ራሳችሁ ቁጠሩ። እኔን ከጠየቃችሁ ኬጂዎች ከሆኑ ለአንድ ሰው ስምንት፣ ከፍ ካሉ አስራ ምናምን ድረስ ይሄዳል፣ ከዛ ካለፈ ሴትየዋ በር መጠበቅ ካልሆነ ሌላ ነገር አትችልም። ደግሞ የመጨረሻው ልጅ እስኪሄድ ሁለት ሰው መኖር አለበት። ለምን ብትሉ አንድ ልጅ ጭንቅላቱን ቢፈነክት አንዷ ይዛው ክሊኒክ ትሄዳለች፣ የቀሩትስ? "አንዷ 11 ሰዓት ትወጣለች" ካሏችሁ ጨዋታው ተለውጧል።

የዕድሜውንም ነገር እዩ። የአራት ዓመት ልጅና የስድስተኛ ክፍል ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዓት መዋል የለባቸውም። ቢያንስ ጨዋታና ሽንት ቤት ላይ መለየት አለባቸው።

ማን ያመጣዋል፣ ማን ይወስደዋል

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ምትጠይቁት ብትባሉ ይሄን ጠይቁ፦ ልጄ 10 ሰዓት ድረስ ካልመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ጥሩ ቦታ መልሱ አፋቸው ላይ ነው። ስም እንጠራለን፣ የጎደለ ካለ መጀመሪያ ሰርቪሱ ጋ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ ጋ፣ ወዲያው እናንተ ጋ እንደውላለን ይሏችኋል፣ የሚጠሩበትንም ደብተር ያሳዩአችኋል። መጥፎው ደግሞ "ያው ቤተሰብ ወስዶት ይሆናል ብለን ነው ምናስበው" ይላል። ልጅ ሚጠፋው እዚች መሀል ነው እኮ፣ ትምህርት ቤቱ "ወጥቷል" ይላል፣ ማቆያው "አልመጣም" ይላል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ እናንተ ግን ምትሰሙት 12 ሰዓት ላይ ነው። አስፋልት ሚያሻግራቸው ማን እንደሆነም ጠይቁ፣ በእግር ከሆነ ሚመጡት ከፊትና ከኋላ ሰው መኖር አለበት፣ ሰርቪስ ከሆነ ከሾፌሩ ሌላ ረዳት ትኑር፣ ሚኒባሱ ውስጥ ስንት እንደሚታጨቁም አንድ ቀን ቆማችሁ እዩ።

መውሰጃው ደግሞ። መውሰድ የሚችሉ ሰዎች ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ወይ የፋይዳ ኮፒ ፋይል ውስጥ መቀመጥ አለበት። "አጎቱ ነኝ" ብሎ ለመጣ ሰው ሁሉ ልጅ አይሰጥም፣ ልጁ "አውቀዋለሁ" ቢልም አይሰጥም። የተለያዩ ወላጆች ከሆናችሁና ፍርድ ቤት የወሰነው ነገር ካለ ኮፒውን ስጧቸው፣ ሠራተኞቹን በናንተ ጭቅጭቅ መሀል አታስገቧቸው። ከዛ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ፈትኗቸው፦ ስሟ ሊስቱ ላይ የሌለ እህታችሁን ላኩ። ከደወሉላችሁ ተመስገን። ሳይደውሉ ልጁን አልብሰው ከሰጧት ግን የዛኑ ቀን ሄዳችሁ ቁጭ ብላችሁ ማውራት ነው። አንዳንዱ "አላመናችሁንም" ብሎ ይቀየማል፣ ይቀየም።

ትልቁ ልጅ ትንሹን ይዞ ይምጣ የምትሉ አላችሁ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ይጨልማል፣ ህዳር ላይ ደግሞ ፈጠን ይላል። የመንገድ መብራት በሌለበት ብሎኮች መሀል የ11 ዓመት ልጅ የ5 ዓመት ልጅ ይዞ፣ ውሻ አለ፣ ዳር ዳር ላይ ጅቡም ቀልድ አይደለም። ለባጃጅ ሹፌር ሰጥቶ መላክም ይቅርባችሁ፣ "እናውቀዋለን" ቢሏችሁም።

ግቢው

ዳር ሰፈር ከሆነ ከመሀል ከተማ የተለየ አደጋ አለው፣ ይሄን ከግምት አስገቡ። ዙሪያው ገና ግንባታ ነው። ለመሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ ክረምት ላይ ውሃ ይሞላል፣ ልጆች ሊዋኙ ይገባሉ፣ በየዓመቱ ክረምት ሚሰማ ሀዘን ነው። ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። ስለዚህ ግቢው አጥር አለው ወይ፣ የበሩ መቀርቀሪያ ልጅ ማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው ወይ፣ ኳሷ ከአጥር ውጭ ስትወጣ ማን ነው ሚያመጣት (ልጁ ከሆነ ሮጦ ሚወጣው በቃ አጥሩ የለም ማለት ነው)። ፎቅ ላይ ከሆነ የበረንዳውንና የደረጃውን ብረት እዩ፣ የትንሽ ልጅ ጭንቅላት ሚያሾልክ ክፍተት ካለ አይሆንም። ሶኬት፣ የተላጠ ገመድ፣ ወለል ላይ ያለ የሻይ ፔርሙስ፣ ይሄ ይሄ ባይን ሚታይ ነው።

ከሰል ግን ልዩ ነው። መብራት ሲጠፋ መክሰሱን በከሰል አሞቁና ምድጃውን ዝናብ ነው ብርድ ነው ብለው ክፍሉ ውስጥ አስገቡት እንበል። የከሰል ጭስ ሽታው ከጠፋ በኋላም መርዙ አለ፣ ልጆች ይደነዝዛሉ፣ "ደክሟቸው ተኙ" ይባላል። ልጅ ባለበት ክፍል ከሰል አይገባም፣ ይሄ ድርድር የለውም።

ሽንት ቤት፣ ውሃ፣ መክሰስ

ከሁሉ በፊት ሽንት ቤቱን እዩ። ለናንተ የሚሆን ሳይሆን ልጆቹ ሚገቡበትን። ሶፍት አለ? ውሃ አለ? ትንሽ ልጅ ከውስጥ ቢቆልፈው መክፈት ይችላል? እጅ መታጠቢያው ላይ ሳሙና አለ ወይስ ሳሙናው ቢሮ ውስጥ ነው ያለው? እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው ሚመጣው፣ ስለዚህ ሮቶ አለ ወይ፣ ስንት ጊዜ ይታጠባል፣ ውሃ በጠፋ ሳምንት ምን ታደርጋላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ጀሪካንና ጆግም ቢሆን ችግር የለውም፣ ማፍሰሻ ሰው ካለና ሳሙና ካለ በቃ። ልጅ ሽንት ቤት ለመሄድ እጅ አውጥቶ ተራ ሚጠብቅበት ቦታ ግን ልጅ ሽንቱን መያዝ ይለምዳል፣ ከዛ ሆዴን አመመኝ፣ ከዛ ውሃ አልጠጣም። ልጃችሁ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሚሮጠው ሽንት ቤት ከሆነ በየቀኑ፣ ምክንያቱን ፈልጉ።

መክሰስ ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የታሰረ እንቁላል ፍርፍር ወይ ስጋ ያለበት ምሳ ዕቃ የተረፈውን 10 ሰዓት ላይ ማብላት ሆድ ያበላሻል፣ የበሰለ ምግብ ማቀዝቀዣ ሳይገባ ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቆይ ነው ሚሻለው። ከእናንተ ቤት ምትልኩ ከሆነ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ቆሎ ላኩ፣ ቶሎ ማይበላሽ ነገር ነው ሚሻለው። ከ5 ዓመት በታች ላሉት ግን ሙሉ ኦቾሎኒና ቆሎ ያንቃል፣ ለነሱ አይሆንም። እነሱ ሚያቀርቡ ከሆነ ደግሞ ምን እንደሚያቀርቡ በሳምንት ተጽፎ ይለጠፍ፣ "ብስኩትና ጁስ" ከሰኞ እስከ አርብ ከሆነ ከፍላችሁ ጥርስ እያስበላችሁ ነው። መክሰስ ላይ ስጋ ስለማይገባ የክርስቲያን የሙስሊም ነገር ብዙም አያነታርክም፣ ረቡዕና አርብ ሚጾም ልጅ ካላችሁ ግን ወተቱንና ቅቤውን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አለርጂ፣ አስም፣ ሚጥል በሽታ ካለ በጽሁፍ፣ በቃል አይደለም፣ የነገራችኋት ሠራተኛ በሚቀጥለው ወር ላትኖር ትችላለችና።

የቤት ሥራ

ወላጅ ሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ለዚህ ነው፣ ባነሩም "የቤት ሥራ እናሠራለን" ነው ሚለው፣ 6ኛና 8ኛ ክፍል ፈተና ያለበት ልጅ ካለማ በቃ ሌላ ነገር አይታይም። እሺ። ግን ማሠራትና መሥራት ይለያያል። ደብተሩን አውጥታችሁ እዩት፦ መልሱ ሁሉ ትክክል ከሆነ፣ የተሰረዘ ነገር ከሌለ፣ የሃያ ልጅ ደብተር ላይ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ሰሌዳ ላይ ተጽፎላቸው ቀድተው ነው የመጡት። ልጁን "ይቺን እንዴት ሠራሃት?" በሉት፣ ካላወቀ ያው ነው። ጥሩ አስጠኚ ስህተቱን ትታ እንዲያርመው ታደርገዋለች፣ ደብተሩ ትንሽ የተዝረከረከ ይሆናል፣ ያ ነው ጤነኛው።

ደሞ ልጅ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ወንበር ላይ ነው። 9 ሰዓት ተኩል ላይ አምጥታችሁ ሌላ ወንበር ላይ ብታስቀምጡት ምንም አይገባውም። መጀመሪያ መክሰስ፣ ከዛ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሩጫ፣ ከዛ የቤት ሥራ፣ እሱም ለትንንሾቹ ከግማሽ ሰዓት፣ ለትልልቆቹ ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ፣ ከዛ እንደገና ጨዋታ። ጨዋታ ሲባል መሣሪያ አይፈልግም፣ ሰኞ ማክሰኞ መሬት ላይ በጠመኔ ይሰመራል፣ ገመድ አለ፣ ጠጠር አለ፣ ብይ አለ፣ አኩኩሉ አለ። ሠራተኛዋ አብራ ምትጫወት ከሆነ ሎተሪ ደረሳችሁ። "ጨዋታ የለንም፣ እኛ ጋ ትምህርት ብቻ ነው" ብሎ በኩራት ሚያወራ ቦታ ግን፣ ብዙ ወላጅ ይወደዋል አውቃለሁ፣ እኔ አልወደውም።

ቁጣና ቅጣት

ሲያጠፉ ምን ታደርጋላችሁ ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። "አንመታም" ይሏችኋል ሁሉም። ስለዚህ ቀጥሉበት፣ "ባለፈው ሳምንት ሁለት ልጆች ሲጣሉ ምን አደረጋችሁ?" በሉ። እውነት ካለ ታሪክ ይመጣል። ኩርኩም፣ ጆሮ መቆንጠጥ፣ ማንበርከክ፣ በማስመሪያ መዳፍ መምታት፣ ከመክሰስ ማስቀረት፣ ሽንት ቤት ውስጥ መቆለፍ፣ እነዚህ ሁሉ ቅጣት ሳይሆኑ ጉዳት ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ ነፃ የመሆን መብት እንዳለው በግልፅ ጽፎታል፣ "እኛ አገር እንዲህ ነው ሚያድገው" ለሚላችሁ ይሄን ንገሩት። ችግሩ አንዳንዴ ከኛ ነው ሚጀምረው ግን፣ በር ላይ ቆሞ "ካስቸገራችሁ ግረፉልኝ" ብሎ ሚሄድ ወላጅ አለ፣ ልጁ እየሰማ። ፈቃድ ሰጣችሁ እኮ።

ስለ ገላ

ይሄ ሰው ማውራት ማይወደው ነው፣ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ማንም ሠራተኛ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን የተዘጋ ክፍል ውስጥ መሆን የለበትም። የግል ቱቶር እንኳ ቢሆን በሩ ክፍት ይሁን፣ ሰው ሚያልፍበት ቦታ ይሁን። ትንንሾቹን ሽንት ቤት ማን ነው ሚወስዳቸው፣ ልብስ ሲረጥብ ማን ነው ሚቀይር፣ የታወቀ ሰው መሆን አለበት። ሠራተኛ ሲቀጠር ከወንጀል ነፃ ማስረጃና ዋስ ይጠየቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ለሞግዚት ዋስ ምንጠይቅ ሰዎች ማቆያ ላይ ለምን እንደምናፍር አይገባኝም። ለልጃችሁ ደግሞ የገላውን ክፍል በስሙ አስተምሩት፣ "ለእናትህ እንዳትነግር" ያለው ሰው ካለ ያን ነገር ነው መጀመሪያ ምትነግረኝ በሉት፣ ስለነገረኝ አልቆጣም በሉት።

ከለመደው ውጭ አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ፣ አንድን ሰው ሲያይ ከተደበቀ፣ ሲታጠብ አትንኩኝ ካለ፣ አትጩሁበት፣ አትመርምሩት በጥያቄ ብዛት፣ የነገራችሁን እመኑት። የከፋ ነገር ደርሷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አትጠቡት፣ የለበሰውን አትጠቡ፣ 991 ፖሊስ ደውሉና በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ድረሱ፣ የኤችአይቪ መከላከያው መድሃኒት ሚሠራው በዛ ጊዜ ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ። ጋንዲ ሆስፒታል ሃኪሙም ፖሊሱም አቃቤ ህጉም በአንድ ቦታ ሚገኙበት ማዕከል አለ። ሽማግሌ ልኮ ሚያስታርቅ ሰው ይመጣል፣ እሱ እዛው ቤቱ ይቀመጥ።

ቢወድቅ ቢቃጠል

የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን አሳዩኝ ማለት ብቻ አይበቃም፣ ሳጥኑ ውስጥ ጊዜው ያለፈ አዮዲንና አንድ ፋሻ ነው ሚገኘው። ሠራተኛዋን "ልጅ ሻይ ቢደፋበት ምን ታደርጊያለሽ?" በሏት። ኮልጌት፣ ቲማቲም፣ እንቁላል ካለች አልሰለጠነችም ማለት ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በቃ። ነስር ከሆነ ወደፊት ጎንበስ አድርጎ አፍንጫውን መያዝ እንጂ ወደ ኋላ አንጋሎ ማስተኛት አይደለም። ውሻ ከነከሰው ወዲያው በሳሙናና ሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ መታጠብና የዛኑ ቀን ጤና ጣቢያ፣ የውሻው ባለቤት "የተከተበ ነው" ቢልም። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 939 እሳት አደጋ፣ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ፣ ከሱ ሥር ቅርብ ያለው ክሊኒክ ስልክና ሚታወቅ የሰፈር ባለመኪና ስልክ። ዳር ሰፈር ላይ አምቡላንስ እስኪደርስ ማን ያደርሰዋል የሚለው ነው ዋናው።

ሠራተኛዋ ስንት ወር ቆየች

ልጅ ማቆያ ማለት ሰው ነው፣ ሰው ከተቀያየረ ማቆያ የለም። ደሞዟን አትጠይቋት፣ ነውር ነው፣ ግን "እዚህ ከጀመርሽ ቆየሽ?" ማለት ይቻላል። ሁሉም በዚህ ሴሚስተር የተቀጠሩ ከሆኑ ባለቤቷ ወይ አትከፍልም ወይ አትመችም። ልጃችሁ በየወሩ አዲስ ሚስ ሚለምድ ከሆነ መልመዱን ይተዋል።

ገንዘቡን በአጭሩ፦ በደረሰኝ ወይ በቴሌብር ክፈሉ፣ በዓልና የፈተና ሳምንት ግማሽ ቀን ላይ ክፍት ናቸው ወይ፣ ክረምት ይከፈላል ወይ፣ ልጁ ታሞ ቢቀር ይቀነሳል ወይ፣ ሲዘገይ ቅጣት አለ ወይ፣ ይሄን አስቀድማችሁ በጽሁፍ። የዘገየ ቅጣት ያለበት ቦታ አልጠላም፣ ሴትየዋም ቤት አላት። ቅጣቱን ግን ለናንተ ይንገሩ እንጂ ልጁን "እናትህ ረሳችህ" ማለት የለባቸውም።

ራሳችሁ ብትሠሩትስ

ሰፈራችሁ ላይ ሁነኛ ቦታ ካጣችሁ ስድስት ሰባት ወላጅ ሆኖ መጀመር ይቻላል፣ ጥሩ ሆኖ አይቻለሁ። የብሎኩን ኮሚቴ ጠይቃችሁ ኮሙናሉን ከ9 እስከ 1 ሰዓት መጠቀም፣ ጡረታ የወጣች መምህርና አንድ ወጣት ረዳት መቅጠር፣ መክሰሱን በሳምንት ተራ። ሚያፈርሰው ሁሌ ሁለት ነገር ነው፦ ደሞዝ ማዘግየትና "ዛሬ ብቻ የእህቴን ልጅ ልጨምር" ማለት። ሁለቱንም ገና ሳትጀምሩ ወረቀት ላይ ጻፉትና ፈርሙበት፣ ጎረቤት ነን እየተባለ ነው ሚበላሸው።

ከገባ በኋላ

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፈቃድ ወስዳችሁም ቢሆን ቀደም ብላችሁ ሂዱ፣ ትንሽ አብራችሁት ቆዩ፣ ከዛ "12 ሰዓት ተኩል ላይ እመጣለሁ" ብላችሁ ስትሄዱ ተደብቃችሁ አትውጡ፣ ቻው ብላችሁ ነው፣ ቢያለቅስም። ማታ ላይ "እንዴት ዋልክ?" አትበሉት፣ "ደህና" ይላችኋል አለቀ። "ዛሬ ማን አለቀሰ? ሲያለቅስ ሚስ ምን አለችው?" በሉት። የሌላ ልጅ ታሪክ ሲሆን በደንብ ያወራል። "ዛሬ መጨረሻ የሄደው ማን ነው?" ይሄም ብዙ ያወጣል።

ቅር ያላችሁ ነገር ካለ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ አትለጥፉ መጀመሪያ፣ ሠራተኛዋን ለብቻዋ፣ ካልተስተካከለ ባለቤቷን፣ ያወራችሁትን በቀኑ በሜሴጅ መልሳችሁ ላኩላት፣ "ዛሬ እንዳወራነው..." ብላችሁ፣ ማስረጃ ይሆናችኋል። ከተመታ፣ ከተቆለፈበት፣ ለማይታወቅ ሰው ከተሰጠ ግን ሁለተኛ ዕድል ምናምን የለም፣ ልጁን አውጡና ለክፍለ ከተማው የሴቶች፣ ህፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ጽህፈት ቤት አመልክቱ፣ ቀሪ ልጆች እዛ አሉ።

ስታስወጡት የወሩን ሒሳብ ዝጉ፣ የሰጣችኋቸውን የመታወቂያ ኮፒና የልጁን ፎቶ መልሳችሁ ውሰዱ፣ ለትምህርት ቤቱ ጥበቃና ለሰርቪሱ ረዳት "ከሰኞ ጀምሮ እዛ አይሄድም" ብላችሁ በአካል ንገሯቸው፣ በስልክ የተነገረው ይረሳና ልጁ በድሮው መኪና ተጭኖ እዛው በር ላይ ይወርዳል።